ሲስተር ዘይነባ የጠበቀችው መልስ

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። ነርስ ማለት ለእኔ መርፌ የምትወጋ፣ ሙቀት የምትለካና ካርድ ይዛ የምትሮጥ ሰው ነበረች። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ «ዶክተሩ የታል?» ብዬ አንገቴን አሰግጋለሁ። ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ ብየዳ የማስተምረው ግን አንዲት ነርስ ጠይቃ ዝም ማለት ስለምትችል ነው። መሣሪያ የማይለካው፣ በዲግሪ ወረቀት ላይም የማይጻፍ ሙያ እንዳለ በራሴ ወገብ ተምሬአለሁ። እንደ እኔ ትኩሳት እየመጣ እየሄደ ለሚጫወትበት ሰው ይጠቅም እንደሆን ልጻፈው።

ደሳለኝ እባላለሁ፤ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ ነኝ። የተወለድሁት ዱርቤቴ አካባቢ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ እዚያው ከእህቴ ጋር ትኖራለች። ሕመሙ የጀመረኝ መስከረም ሲጠባ ነው። መጀመሪያ ድካም ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቼ አንዲት ላሜራ ቆርጠው እስኪጨርሱ ዓይኔ ወንበር ፍለጋ ይንከራተታል። ቀጥሎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርድ ብርድ ይለኝና ያተኩሰኝ ጀመር። ሲነጋ ሸሚዜ በላብ ርሶ ይጨመቃል፤ እኔ ግን ደኅና ሆኜ እነሣለሁ። ባለቤቴ ሰናይት «ዛሬስ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለኝ «ምን ሆኜ?» እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ጀግና ነበርሁ።

በጥቅምት ጀግንነቱ አለቀና አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልሁ። በእኛ ከተማ ያተኮሰው ሰው ሁሉ ታይፎይድና ታይፈስ አለበት፤ ሁለቱ እንደ መንታ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ለአንድ ሳምንት ክኒን ዋጥሁ፣ ተሻለኝ፣ ድኛለሁ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ደም፣ ሌላ ክኒን። ወባ የለብህም፣ ታይፎይዱ ግን አልለቀቀህም አሉኝ። ኅዳር ላይ ደግሞ ወገቤ ተያዘ። ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ መደገፍ፣ የጫማዬን ክር ለማሰር ሰናይትን መጥራት መጣ። ሦስተኛው ሐኪም ቤት «ዲስክ ተንሸራቷል፤ ብረት ስታነሣ ነው» ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ብረት በማንሣት የመጣ ሕመም የሚያኮራ መሰለኝ። የወገብ ቀበቶ ገዝቼ ታጠቅሁ።

እናቴ መታመሜን ከሰማች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ከዱርቤቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ፣ በአንድ እጇ ዘንቢል በሌላው እጇ ጀሪካን ይዛ በሩን ታንኳኳለች። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው በዚያው ጠዋት የታለበ ወተት ነው። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም፤ ደግሞም ወተት ከፈላ ጉልበቱ ይሞታል ይባላል። የነቢያት ጾም ሲገባ «ይቅርብኝ» ብላት «ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ የንስሐ አባትህን አስፈቅጄልሃለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ጾሜን ፈትቼ፣ በንስሐ አባቴ ፈቃድ፣ በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ወተት ጥሬውን እጠጣለሁ። እየጠጣሁ እመነምናለሁ። በመነመንሁ ቁጥር ደግሞ ጀሪካኑ እየተለቀ ሄደ።

ታኅሣሥ ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሼ ነበር። ኮሌጁ ከወርክሾፕ አንሥቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አስቀመጠኝ። ያየኝ አንድ ሐኪም ወገቤ በዚሁ ከቀጠለ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላም ቆሞ የመሥራቴ ነገር እንደማይታወቅ ነገረኝ። ያን ቀን ፈራሁ። ሞትን አይደለም የፈራሁት፤ ተማሪ ብረት ሲያቀልጥ ከሩቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማየትን ነው። ፍርሃቴን ለሰናይት እንዳልነግራት ኩራቴ ያዘኝ፤ በምትኩ ሻይ ቀዘቀዘ ብዬ እጮህባት ጀመር። እሷም መልስ መስጠት ተወች። ቤታችን ውስጥ ከትኩሳቱ ይልቅ ያ ዝምታ ይከብድ ነበር።

በሪፈር ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተላክሁ። ከሰናይት ጋር ማልደን ሄደን ተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አግዳሚው መደገፊያ የለውም። አጠገቤ የነበረ ከጢስ ዓባይ የመጣ ገበሬ ጥቂት አየኝና ጋቢውን አጣጥፎ ከወገቤና ከግድግዳው መካከል ሸጎጠልኝ። «እኔ ዓይኔን ነው፤ ወገቤ ደኅና ነው» አለኝ። ስሙን ሳልጠይቀው ተራዬ ደረሰ።

ክፍሉ ውስጥ የጠበቀችኝ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው የምላት ሴት ነበረች።

«ዶክተሩ የታል?» አልሁ ገና ሳልቀመጥ።

«ይመጣል። እስኪመጣ እኔን ይታገሡኝ» አለች። ሲስተር ዘይነባ እንደምትባል፣ በነርስነት ሁለተኛ ዲግሪ እንደ ሠራች፣ ሕመማቸው የተራዘመ ሰዎችን ራሷ መርምራ ከሐኪሙ ጋር እንደምትወስን ነገረችን። እኔ በሆዴ «ነርስ ያው ነርስ ናት» አልሁ።

«እንዴት ሰነበቱ መምህር?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን» አለችና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ። ሌላ ጥያቄ አላስከተለችም። ሰዓት አላየችም፣ ስልክ አልነካችም። እኔ ራሴ በዚህ ዘዴ ሃያ ዓመት ተማሪ አናዝዤበታለሁ፤ ማሽኑን ማን እንዳበላሸው ጠይቆ ዝም ማለት ነው። በእኔ ላይ ሲሠራ ግን አላወቅሁትም። «ደኅና እንኳ አይደለሁም» ብዬ ጀመርሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፍሁት። የቀደሙት ሁሉ ትኩሳት አለህ ወይስ የለህም ብለው ነበር የጠየቁኝ። እሷ ምንም ሳትጠይቀኝ የቀዘቀዘውን ሻይ ሳይቀር ነገርኋት። ሰናይት ይህን ስትሰማ መሬት መሬት አየች።

«ላቡ ሽታ አለው?» አለች ሲስተር፣ ወደ ሰናይት ዞራ።

«አለው። የረጠበ ገለባ ይሸታል» አለች ሰናይት። ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

ከዚያ ሲስተር ሰናይትን ካርዱን ወደ መዝገብ ክፍል እንድታደርስላት ላከቻት። በሩ ሲዘጋ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ «ሲቀመጡ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ወገብ ብቻ አይመስለኝም» አለች። ቀጠለችና «እንዲህ ያለ ትኩሳት የያዛቸው ወንዶች አንዳንዴ ብልታቸው አካባቢ እብጠት ያያሉ። አፍረው ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ እኛም ሳናውቅ እንቀራለን» አለች። ወር ሙሉ ከሦስት ወንድ ሐኪሞችና ከገዛ ሚስቴ የደበቅሁት ነገር ነበር። አዎ አልኋት። «ጎበዝ» አለች እንጂ አላዘነችልኝም፣ አልደነገጠችም፤ ከማላውቃት ሴት ፊት ያን ተናግሬ ቀለለኝ። ዶክተሩ ሲመጣ ያንን እሱ እንደሚያየው ነግራኝ ወገቤን፣ ጉበቴን፣ መጋጠሚያዎቼን እየዳሰሰች መረመረችኝ። እጇን ከመጫኗ በፊት መዳፎቿን እርስ በርስ አሽታ ታሞቃቸው ነበር።

ደም ሰጥቼ ዶክተሩ ካየኝ በኋላ፣ ለውጤቱ ቅዳሜ ጠዋት እንድመለስ ቀጠረችኝ። ደም ልሰጥ ተነሥቼ በሩን ይዤ «ቅዳሜ እንኳ እናቴ ትመጣብኛለች፤ ሰኞ ቢሆንልኝ» አልሁ።

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከዱርቤቴ።»

«ደኅና ናቸው? ከብቱስ ደኅና ነው?»

የአገሬ ሰላምታ ስለሆነ ፈገግ አልሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። አሁንም ዝም ብላ አየችኝ። ዝም ሲሉኝ እንደሆነ አልችልም። «አንዲቱ ላም ካቻምና ጨንግፋ ነበር እንጂ ደኅና ናቸው። ክረምት ላይ ወልዳ ትታለባለች፤ ያኔ እዚያው ሄጄ ወተቷን ስጠጣ ሰነበትሁ፤ አሁን ደግሞ እናቴ በየሳምንቱ ታመጣልኛለች።»

«ይፈላል?»

«ኧረ ከፈላማ ምን ጉልበት አለው!»

«መምህር» አለች፣ «እስኪ እባክዎ ተመልሰው ይቀመጡ።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶክተሩ መጣ። ገና ወጣት ነው። ዋናው ሰው መጣ ብዬ ከመስከረም ጀምሬ ላወራለት ስል «ሲስተር ከነገረችኝ ላይ የሚጨምሩት አለ?» አለኝ። አልነበረኝም። እሱም መረመረኝና በደም ምርመራው ላይ እሷ ያሰበችው እንዲጨመር ፈረመ።

ሰኞ ውጤቱ ደረሰ። ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከከብት ወደ ሰው የሚሻገር ሕመም ነው፤ ባልፈላ ወተት፣ ካልፈላ ወተት በተሠራ አይብና ቅቤ፣ ወይም ላም ስትወልድና ስትጨነግፍ በባዶ እጅ በመንካት ይይዛል። ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ ሰውን ያታልላል፣ መጋጠሚያ ይይዛል፣ ሲቆይ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። የእኔም ወገብ ላይ መግባት ጀምሮ ነበር። የዋጥኋቸው ክኒኖች ትንሽ እያስታገሡ ነበር እንጂ ከሥሩ አልነቀሉትም። ኦፕራሲዮን ግን አያስፈልግም ተባልሁ፤ መድኃኒቱን ሦስት ወር፣ አንድ ቀን ሳላጎድል፣ ከወሰድሁ።

ወሰድሁ። መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ክኒን። ሲስተር ዘይነባ «ሽንትዎ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ደም ነው ብለው ሮጠው እንዳይመጡ» ብላ አስቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥሁም፤ እንዲያውም መድኃኒቱ ሲሠራ በዓይኔ ያየሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እንድራመድ አዘዘችኝ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ዛፍ እስከሚቀጥለው ዛፍ፣ ቀጥሎ እስከ ታንኳ ማሰሪያው። ሰናይት አብራኝ ትሄዳለች፤ ሐይቁን እያየን መነጋገር ጀመርን። በአምስተኛው ሳምንት የወገብ ቀበቶውን ፈታሁ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ወርክሾፕ ተመለስሁ፤ ተማሪዎቼ ቆሜ ሦስት ሰዓት ሳስተምራቸው ምነው ባረፈ ብለው ነበር።

ስለ መዳኔ ይኸው ነው። እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን መድኃኒቱን በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት የሆነው ነገር ነው።

ስለ ወተቱ ለእናቴ አልነገርኋትም ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራት? የእናት ስጦታ አይመለስም። በዚያ ላይ እውነቱን ብትሰማ «ልጄን በእጄ መረዝሁት» ብላ ዕድሜ ልኳን ራሷን እንደምትከስስ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካኑን አመስግኜ እቀበላለሁ፣ ወደ ዱርቤቴ ስትመለስ ሰናይት ትደፋዋለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ጠጣህ?» ስትለኝ «እንዴታ!» እላለሁ። ይህን ለሲስተር ስነግራት እንደ ብልህ ሰው ነበር የነገርኋት።

«አሁን ያን ወተት ማን ነው የሚጠጣው?» አለች።

«ኧረ እኔ አንዲት ጠብታ አልቀመስሁም!»

«እርስዎንማ አልጠየቅሁም።»

ዱርቤቴ ያሉት የእህቴ ልጆች በዓይኔ መጡ። «ሰኞ እናትዎን ይዘዋቸው ይምጡ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ልቧ ይሰበራል» አልኋት። «አይሰበርም። ብቻ እኔ ስናገር እርስዎ አይናገሩ» አለችኝ።

እናቴ ሰኞ ስትመጣ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ለልጇ ሐኪም ብላ ጀሪካን ይዛለች። ሲስተር ዘይነባ ከወንበሯ ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። አመሰገነቻት፣ ጀሪካኑን ከግድግዳው ሥር በክብር አስቀመጠችው። ስለ መንገዱ ጠየቀቻት፣ ስለ አዝመራው ጠየቀቻት። እናቴም ደስ ብሏት ስለ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። እኔ የወተቱ ነገር መቼ ይነሣ ይሆን እያልሁ ላቤ ይወርዳል።

ወተቱ አልተነሣም። ሲስተር ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርስዎስ እማማ? ይህ ወገብዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።

«ኧረ እናቴ ምንም የላት...» ብዬ ጀመርሁ። ሲስተር ወደ እኔ ሳትዞር እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። እናቴ ከበሩ እስከ ወንበሩ ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ማዛወሯን፣ ስትቀመጥም ጠረጴዛውን በሁለት እጇ መያዟን ያየችው ሲስተር ብቻ ናት። እኔ ያየሁት ጀሪካኑን ነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ሲስተር ዘይነባ አልቸኮለችም። ደጅ የታካሚ ስም ይጠራል፣ ተረኞች ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ እናቴን ብቻ ታያለች።

«ላሚቱ የጨነገፈች ጊዜ ነው» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ጥጃው ሞቶ ቀርቶባት እኔ ነኝ በእጄ የሳብሁላት። ከዚያ ወዲህ ወገቤን ይዞኛል። ሲመሽ ያተኩሰኛል፤ ሲነጋ ላብ በላብ ሆኜ እነሣለሁ። እርጅና ነው ብዬ ተውሁት።»

ሲስተር እጇን ያዘቻት። «እርጅና አይደለም እማማ። ላሚቱ የታመመች ትመስለኛለች፤ ልጅዎንም ያሳመመው ይኸው ነው። በደም አይተን እናረጋግጣለን» አለቻት። ከዚያ ነው ወተት እንዴት እንደሚያስተላልፈው፣ ማፍላት ጉልበቱን ሳይሆን በሽታውን እንደሚገድል፣ ላሚቱን የእንስሳት ሐኪም እንዲያያት የነገረቻት። እናቴ ጀሪካኑን አየች። እኔ የፈራሁት ቃል ከአፏ ወጣ። «ታዲያ ያሳመምሁት እኔ ነኛ!»

«እርስዎን ማን አሳመመዎት?»

«ላሚቱ ናት ብለሽኝ የለ?»

«እሱንም እሷው ናት። ሁለታችሁም የእኔ ታካሚዎች ናችሁ፤ መድኃኒቱን አብራችሁ ትውጣላችሁ።»

እናቴ አላለቀሰችም፣ ራሷንም ዳግመኛ አልከሰሰችም። «እንግዲያስ የልጄ ልጆችም ይታዩ» አለች። ሦስት ሳምንት የሸሸሁት ነገር በሩብ ሰዓት አለቀ። ሲስተር ዘይነባ እናቴን ከጥፋተኛ ወንበር አንሥታ ከእኔ ጎን አስቀመጠቻት፤ ይህን የትኛው ኮርስ እንደሚያስተምር አላውቅም። ከጊዜ በኋላ ስጠይቃት የሳቀችው ሳቅ ትዝ ይለኛል። «ወረታ ከተማ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት። ገበያተኛ የሚፈልገውን ዕቃ መጀመሪያ አይጠራም፤ ቆሞ ሲያይ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው» አለችኝ።

እናቴ ዛሬ ድናለች። በሽታው በደሟ ተገኘ፤ እንደ እኔ አከርካሪዋ ውስጥ አልገባም ነበርና ስድስት ሳምንት እኛ ቤት ተቀምጣ መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ክኒን ረሳሁ ባልሁ ጊዜም የተቆጣችኝ እሷ ናት። ከእህቴ ልጆችም አንደኛው ተገኝቶበት እሱም ታክሞ ዳነ።

ያን ሰኞ ግን ከክፍሉ ስንወጣ ተናድጄ ነበር። በእናቴ ይሁን በራሴ አላወቅሁም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ታመሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

እናቴ በየዋህነት አየችኝ። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ ልጄ?» አለች።

በየቅዳሜው ደኅና ነሽ እላት ነበር። መልሱን ሳልሰማ ጀሪካኑን ነው የምቀበላት። ከበሽታው ሁሉ ይህ አመመኝ፤ አሁንም ያመኛል። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋትና አዲስ ካርድ ላወጣላት ወደ መዝገብ ክፍል ሄጄ ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው ስሟን ጠየቀኝ፤ ከነአባቷ ነገርሁት። አድራሻዋን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት።

«ዕድሜያቸውስ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። «ጠይቄያት ልምጣ» ብዬ ወረፋዬን ለቅቄ ወደ እናቴ ተመለስሁ።